የሌሊሴ የጾም ክሪመር

ደሜ ጠርሙሱን ከፍሪጅ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ሲያደርገው ሌሊሴ ገና ከዝናብ ገብታ ጃንጥላዋን በር ላይ እያራገፈች ነበር።

«አንቺ፣ ይሄ አናቱ ላይ ያለው ቢጫ ነገር ምንድነው?» አላት።

«የቱ?»

«ይኸው። አንገቱን ዙሪያውን ይዞታል። ትናንት ያመጣሽልኝ የጾሙ ነው።»

ደሜ ጦር ኃይሎች ከአደባባዩ ጀርባ ያለች ጠባብ ካፌ ውስጥ ማሽን ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። ሌሊሴም ድሮ እዚያው ነበረች፣ ሠራተኛ ሲቀነስ እሷ ወጣች፣ እሱ ቀረ። አሁን ቤቷ የምትሠራውን የቡና ክሪመር እያመጣች ትሰጠዋለች፣ እሱ ለደንበኞቹ ቡና ላይ ጠብ ያደርግላቸዋል።

ጠርሙሱን ተቀበለችው። ክዳኑን ከፍታ ቢጫውን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችና ምላሷ ላይ አኖረችው። ወዲያው ሟሟ። ለስላሳ ነው፣ አፍ ውስጥ ይቀራል። የለውዝ ዘይት እንዲህ አይረጋም።

ክው አለች።

«ቅቤ ነው።»

«ምን?»

«ቅቤ ነው፣ ደሜ። የጾሙ ውስጥ ቅቤ ገብቷል።»

ደሜ ሳቀ። «እና ምን ይጠበስ? ገና አልከፈትኩትም'ኮ። ከወተቱ ጋር ደባልቂውና ለማይጾመው ሽጪው።»

«ሌላው ጠርሙስ እትዬ ወለተጻድቅ ጋ ነው ያለው።»

ይሄን ስትል ሳቁ ቆመ። ሌሊሴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ እትዬ ወለተጻድቅን ያውቃል፣ ስማቸውን ሳትጠራ አትውልማ።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሌሊሴና ባሏ ሮቤራ ዓለም ባንክ ሰፈር የተከራዩበት ግቢ ባለቤት ናቸው። ሌሊሴ ከካፌው ወጥታ ቤት የዋለች ሰሞን ስልኳ ላይ አንዲት ሴትዮ ወተትና ስኳር አብስላ ጠርሙስ ውስጥ ስትሞላ አየች። ሞከረችው። ወተቱን በቀስታ እሳት ወፈር እስኪል አንተከተከችው፣ ቀረፋ ከተተችበት፣ ኮረሪማ ወቅጣ በተነችበት። ሮቤራ ቡናው ላይ አድርጎ ቀመሰና «ይሄ ቡና አይደለም፣ ኬክ ነው» ብሎ ደገመ። ከዚያ ጎረቤት ጠየቀ፣ ከዚያ የጎረቤት ጎረቤት። ደህና መጣሁ ስትል ፍልሰታ ገባና ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ሰፈሩ ጾመኛ ነው።

ያኔ ማድ ቤቷ በር ላይ መጥተው የቆሙት እትዬ ወለተጻድቅ ናቸው።

«ልጄ፣ ከለውዝ አትሠሪውም?»

«እትዬ፣ እኔ'ኮ ጴንጤ ነኝ። የጾም ነው ብል ማን ያምነኛል?»

«እኔ አምንሻለሁ። ሌላውን ለእኔ ተይው።»

በማግስቱ ከገበያ ሲመለሱ አዲስ ድስት፣ አዲስ ማንኪያ፣ አዲስ ማጥለያ ይዘውላት መጡ። «እነዚህን ወተት አይንካብኝ» አሏት። ከቤተክርስቲያን አብረዋቸው ለሚመለሱት ሴቶች ደግሞ «እኔ ግቢ ነው የሚሠራው፣ በእኔ ይሁንባችሁ» አሏቸው።

በእኔ ይሁንባችሁ ማለት ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ቀላል ነገር አይደለም። ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ የሚቆርቡ ሴት ናቸው። በፍልሰታ ቅዳሴ እስኪወጣ ጠብታ ውሃ አፋቸው አይገባም። ሴቶቹም እሳቸው የጠጡትን ይጠጣሉ፣ እሳቸው የተዉትን ይተዋሉ።

ሌሊሴ ደግሞ አደራውን ጠብቃ ነበር። እውነት ጠብቃለች። ለውዙን ዘፍዝፋ፣ ቆዳውን ልጣ፣ ፈጭታ፣ በአዲሱ ማጥለያ አጥልላ በአዲሱ ድስት ነው የምታበስለው። የወተቱ ድስት በዚያ ጥግ፣ የጾሙ በዚህ ጥግ። ማንኪያ ተሳስታ እንዳታነሳ የወተቱን ማንኪያ ሚስማር ላይ ትሰቅላለች። ትናንት ግን አዲስ ነገር አማራት፣ ካራሜል። ስኳሩ መጥበሻ ላይ ቀልጦ ሲቀላ እንደ ድንጋይ እንዳይደርቅ የገበታ ቅቤ ይጨመርበታል ይላል ስልኳ ላይ ያየችው ሌላ ልጅ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ስለነበር ሳይጠፋ ልጨርስ ብላ የሁለቱንም በአንድ መጥበሻ አቀለጠችው። ቅቤውን ጣል አደረገች፣ አማሰለች፣ ግማሹን ወተቱ ላይ፣ ግማሹን ለውዙ ላይ ገለበጠች።

ዓይኗ ወተቱ ላይ ነበር። ወተት ጠብ እንዳይል ስትጠብቅ ቅቤው ትዝም አላላት። እሷ ያደገችበት ቤት ጾም ማለት ከነጭራሹ አለመብላት ነው፣ ከበሉ በቃ ተበላ፣ ይሄ ይቻላል ያ አይቻልም የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ቅቤው ጭንቅላቷ ውስጥ ከስኳሩ ጋር ተቆጠረ። ፍሪጅ ባይገባ ኖሮ ደግሞ አይታይም ነበር። እትዬ ወለተጻድቅ ጋ ያለው ከፍሪጅ ውጪ ነው ያደረው። ዛሬ ጠዋት ስትሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው «አዲሱን ዛሬ ከቅዳሴ ስንመለስ ለእነዋጋነሽ አስቀምሳቸዋለሁ» ብለው ሳሎን ብፌው ላይ አስቀምጠውት ነው ቤታቸውን ቆልፈው ቅዳሴ የሄዱት።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለችው ደሜን።

«ስምንት ተኩል ሊሆን ነው።»

ቅዳሴው ወደ ዘጠኝ ላይ ይወጣል። ስልኳን አወጣችና ደወለች። ዝግ ነው። ቤተክርስቲያን ሲገቡ ያጠፉታል።

«ሌሊ ስሚኝ» አለ ደሜ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። «ማን ያያል? ቡናው ትኩስ ነው፣ ይሟሟል። ሳያውቁ የጠጡት ደግሞ ኃጢአት አይሆንባቸውም። አንቺ ስትነግሪያቸው ነው ኃጢአት የሚሆነው።»

«እሱን ከየት አመጣኸው?»

«ከራሴ።»

ጃንጥላዋን እዚያው ትታ ወጣች።

ታክሲ ተራው ላይ ሰልፉ እስከ መድኃኒት ቤቱ ተጠማዟል። ዝናቡ መሬት ላይ እየነጠረ ነው። ሌሊሴ መጨረሻው ላይ ቆማ አንድ ታክሲ ሲሞላ፣ ሌላው እስኪመጣ አንገቷን ስታሰግግ ቆየችና መታገስ አቃታት። ወደ ፊት ሄዳ አንዱን አዛውንት «አባባ፣ ሰው ሊሞትብኝ ነው» አለቻቸው። ውሸቷን ነው። አዛውንቱ አይተዋት ፊቷ ላይ ምን እንዳዩ እንጃ፣ «ግቢ» አሏት። ከኋላ ያሉት ጮኹ። «ሁላችንም ሰው ሊሞትብን ነው!» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ። እሷ ገብታ ተቀመጠች።

ታክሲው ውስጥ ሮቤራ ጋ ደወለች። ጋራዥ ስለሆነ ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማል። ነገረችው። ከጩኸቱ ራቅ ብሎ ወጣ።

«ነገርሻቸው?»

«ስልካቸው ዝግ ነው። እየሄድኩ ነው።»

«ሌሊ፣ ዝም በይ።»

«እንዴት ዝም እላለሁ?»

«ተሳሳተች ይላሉ ብለሽ ነው? ጴንጤዋ ሆን ብላ ጾማችንን አስፈታችን ነው የሚሉት። ያቺን ዋጋነሽን አታውቂያትም? በዚህ ክረምት ዕቃ ተሸክመን ቤት ልንፈልግ ነው?»

«ቢጠጡትስ?»

«ይጠጡታ! አያውቁም'ኮ!»

ስልኩን ዘጋችው። የተናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች፣ ያስፈራትም እሱ ነው። ዋጋነሽ ከመጀመሪያው «ከጴንጤ እጅ የጾም?» ብላ ከንፈሯን ያጣመመች ሴት ናት። እትዬ ወለተጻድቅ ናቸው «አንቺ ደግሞ» ብለው ዝም ያሰኟት። አሁን ሌሊሴ ዝም ብትል ምንም አይመጣም። ቡናው ይጠጣል፣ ጣፈጠ ይባላል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ይታዘዛል። እትዬ ወለተጻድቅ ግን ዛሬ ቆርበው መጥተው፣ ያን ሁሉ ሰዓት ባዶ ሆዳቸውን ቆመው፣ በእሷ እጅ ቅቤ ይቀምሳሉ። ነገ ጠዋት በሩ ላይ «እንዴት አደርሽ ልጄ» ሲሏት ምን ብላ ዓይናቸውን ታያለች?

ቤተል ላይ ታክሲው ቆመ። ፊት ለፊት አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ መንገዱን በአግድሙ ዘግቶታል። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ረዳት፣ ምን ተሻለ?» አለች።

«መዝሙር መዘመር» አለ ወያላው።

ወረደች። ባጃጅ ለመነች፣ አንዱም እዚያ ጭቃ ውስጥ አልገባም አለ። ሮጠች። ጫማዋ ውስጥ ውሃ ገብቶ ጯ ጯ ይላል፣ ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ተጣብቋል። ሰው ዞር እያለ ያያታል። ሳል ያዛት፣ ግንብ ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ እንደገና ሮጠች። ወደ ሰፈሯ የሚያስገባው ኮብልስቶን ጋ ስትደርስ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ሁለት ሦስት ሆነው በጃንጥላ ሥር ሲመጡ አየች።

«እናቴ፣ ቅዳሴ ወጣ እንዴ?»

«ኧረ ቆየ ልጄ። ዛሬ ቶሎ ነው የወጣው።»

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ሳሎኑ በር ላይ ጫማ ተደርድሯል። የእሷን ማውለቁ ትዝም አላላትም፣ ከነጭቃዋ ምንጣፉ ላይ ገባች።

ሴቶቹ ሶፋው ላይ ናቸው፣ ነጠላቸው ገና አልደረቀም። ፔርሙዙ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አጠገቡ ጠርሙሱ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል። እትዬ ወለተጻድቅ ሲኒያቸውን አንስተው አፋቸው አጠገብ አድርሰዋል። ቡናው ቡናማ መሆኑ ቀርቶ ወርቅማ ሆኗል።

«አይጠጡ! እትዬ፣ አይጠጡት!»

ሲኒው አየር ላይ ቀረ።

«በስመአብ!» አለች ዋጋነሽ። «ምን ሆነሽ ነው እንደ እብድ የምትገቢው? መርዝ ጨምረሽበታል እንዴ?»

«ቅቤ አለው» አለች ሌሊሴ። ትንፋሿ አላስጨርሳት አለ። «ካራሜሉ... ስኳሩን ሳቀልጠው ቅቤ አድርጌበታለሁ። ረስቼ ነው። አሁን ነው ያወቅኩት፣ ጦር ኃይሎች ሆኜ።»

አንደኛዋ ሴትዮ ሲኒዋን እንደ ትኩስ ፍም ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። እትዬ ወለተጻድቅ የእሳቸውን ቀስ ብለው አወረዱ፣ ማስቀመጫው ላይ ሲነካ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ዋጋነሽ ግን ሲኒዋን እያየች ነው። ባዶ ነው። እሷ መቼም የማዕዱ ጸሎት እስኪያልቅ ጠብቃ አታውቅም።

«እኔ ጠጥቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለ። «እኔ'ኮ ጠጥቻለሁ! ዛሬ ቆርቤ ነው የመጣሁት! ብያለሁ አላልኩም? ከጴንጤ እጅ ብዬ አልተናገርኩም? ሆን ብላ ነው!»

«እትዬ ዋጋነሽ፣ በእግዚአብሔር ስም...»

«ስሙን አትጥሪብኝ!»

«ሆን ብላ ቢሆን በዚህ ዝናብ እየሮጠች ትመጣ ነበር?» አለች ሲኒዋን የጣለችው ሴትዮ። «ቀሚሷን እዪው እስቲ።»

«ዝም በይ አንቺ፣ አልጠጣሽም!» ዋጋነሽ እንባዋ መጣ። «ደግሞ እንዴት እንደጣፈጠኝ! ሁለተኛ ልቀዳ ነበር'ኮ!»

አንዷ ሳቅ አመለጣት፣ ወዲያው በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ሌሊሴ ዋጋነሽን አልነበረም የምታየው። እትዬ ወለተጻድቅን ነው። እሳቸው አልተቆጡም፣ አላለቀሱም።

«ድስቱ ነው?» አሉ።

«አይደለም እትዬ። ድስቱ ንጹህ ነው። መጥበሻው ላይ ነው፣ ሁለቱንም በአንድ መጥበሻ...»

«መጥበሻ አልገዛሁልሽም» አሉ። ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም።

ዋጋነሽ የንስሐ አባቷ ጋ ደወለች። በችኮላ ስትነካካው ስልኩ በድምፅ ማጉያው ወጣና ሁሉም ሰማ።

«አባ ወልደ አማኑኤል፣ አባቴ፣ ሳላውቅ ቅቤ ጠጣሁ።»

«ቅቤ ደግሞ ይጠጣል እንዴ?» አሉ አባ።

«ቡና ውስጥ ነው አባ። ጎረቤት ሠርታ፣ የጾም ነው ብላ። ዛሬ ደግሞ ቆርቤያለሁ።»

ሌሊሴ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«ማን ነገረሽ ቅቤ እንዳለው?»

«ራሷ። አሁን እየሮጠች መጥታ።»

«እንግዲህ ሳታውቂ የሆነ ነው። ስገጂ፣ ነገ ወደ እኔ ነዪ። ልጅቷን ደግሞ እንዳትቆጪያት።»

«ተቆጥቻታለሁ አባ።»

«እንግዲያው ለእሱም ጨምረሽ ስገጂ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያጣፉ ተነሱ። ዋጋነሽ ስታልፍ ሌሊሴን በትከሻዋ ገፋ አድርጋት ወጣች። ሌሊሴ ጭቃዋን የምታጸዳበት ጨርቅ ፍለጋ ጎንበስ ስትል እትዬ ወለተጻድቅ «ተዪው፣ ቁሚ» አሏት።

ቆመች።

«ቤቱን ልቀቂ የምልሽ መስሎሽ ከሆነ፣ አልልሽም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ።»

«አላለቀም። በእኔ ይሁንባችሁ ያልኳቸው ሰዎች አሉ። እየዞርኩ ቃሌን አነሳዋለሁ። ክፉ ናት ብዬ አይደለም፣ እኔ ዋስ መሆን አልችልም ብዬ ነው። ይገባሻል?»

ሌሊሴ ራሷን ነቀነቀች። ጭቅጭቅ ቢሆን ይቀላት ነበር። ስድብም ቢሆን። የዚያኑ ቀን አመሻሽ ላይ እትዬ ወለተጻድቅ ጃንጥላቸውን ይዘው ከበር በር ሲሄዱ በመስኮት አየቻቸው። እያንዳንዱ በር ላይ ብዙም አልቆዩም።

ሮቤራ ማታ ሲመጣ «አላልኩሽም?» አላለም። የረጠበ ጫማዋ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ግድግዳው ሥር አቆመው፣ ከዚያ «እንኳን አልጠጡት» አለ።

ለተወሰኑ ቀናት ማንም አልመጣም። ሌሊሴ መጥበሻ ገዝታ ለብቻው ሰቀለችው፣ ግን የምታቀልጥበት ስኳር የለም፣ የሚያዝ ሰው የለምና። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሴቶቹ ሰላም ይሏታል፣ ሰላምታቸው ግን አጭር ነው። እትዬ ወለተጻድቅም «እንዴት አደርሽ» ይላሉ። «ልጄ» የምትለዋ ቃል ግን ቀርታለች።

አንድ ከሰዓት፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ጥላ አረፈ። ቀና ስትል ዋጋነሽ ናት። ባዶ የማር ዕቃ ይዛለች።

«ስሚ» አለች፣ ሰላምም ሳትል። «ያንን ነገር ያለ ቅቤ መሥራት ይቻላል?»

«ይ... ይቻላል። በለውዙ ዘይት።»

«ጉልበቴ በስግደት አልቋል ባንቺ ምክንያት። ስሰግድ ራሱ ጣዕሙ አፌ ላይ ይመጣብኛል፣ ይሄ ነው ያናደደኝ። በይ ሥሪ።»

«አሁን?»

«አሁን! እዚህ ቆሜ እጅሽን አያለሁ። እኔ እንደ እትዬ ወለተጻድቅ ሰው አላምንም፣ ዓይኔን ነው የማምነው። የምትጨምሪውን ሁሉ እያሳየሽኝ ጨምሪ። ያ ምንድነው?»

«ጨው ነው።»

«አምጪ ልቅመስ።»

ቀመሰች። ጨው ነው። ዱካ ጎትታ በሩ ላይ ተቀመጠች፣ ብርሃኑን ሁሉ ጋረደችው። ሌሊሴ አዲሱን መጥበሻ አውርዳ ዋጋነሽ ፊት አጥባ፣ ስኳሩን አድርጋ ምድጃው ላይ ጣደች። ማንኪያውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ከዋጋነሽ ትከሻ ባሻገር እትዬ ወለተጻድቅ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሲኒ ይዘዋል፣ ጥቁር ቡና ነው። ወደዚህ አይመለከቱም፣ ዞር ብለውም አልተቀመጡም። ስኳሩ ዳር ዳሩን መቅለጥ ጀመረ፣ ሽታው ግቢውን ሞላው። ሌሊሴ ቀና ብላ ልታያቸው ፈለገችና አልደፈረችም፣ ከመጥበሻው ላይ ዓይኗን ማንሳት ፈራች።

«ዋጋነሽ» አሉ እትዬ ወለተጻድቅ ከበረንዳው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

«አቤት!»

«እሳቱን ትቀንስ በያት። ሊያርርባት ነው።»